ወንድሜን የጠየቀችው ልጅ

ወንድሜ ሰውየውን ከወደቀ በኋላም እንደመታው የሰማሁት በቆርቆሮ ግድግዳ በኩል ነው። የሚናገረው ለእኔ አልነበረም፤ ካሜራ ደቅና «አንተ ማነህ?» ላለችው የፊልም ተማሪ ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት እከትፋለሁ። «አንዴ አይደለም የመታሁት» አላት። «ለዳኛውም ለሽማግሌዎቹም አንዴ ነው ብያለሁ። ተስፋሚካኤል በመጀመሪያው ምት ወደቀ። ወድቆ ‘በቃኝ’ አለኝ። በቃኝ እያለኝ ደገምኩት፤ እዚያው የፈረጠው ላይ። ሐኪሞቹ ሁለት ምት መሆኑን ያልለዩት ለዚህ ነው።» ቢላዋው ጣቴን እንደቆረጠኝ ያወቅኩት ደሜ ሽንኩርቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ወይኔ ብዬ እንዳልጮህ ይሰሙኛል፤ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ በቁሜ ቀረሁ።

አሰጋሽ እባላለሁ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች አንዷ የኔ ናት። ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን እሰጠዋለሁ፣ ሲመለስ ሻይ ይጠጣል፣ የራበው ሽሮ ያዛል። ሥራውን የጀመርኩት ወንድሜ ፀሐዩ ማዶ ታስሮ ሳለ ነው። ሰው ገድሎ ነበር፤ ሳሪስ ውስጥ ፑል ሲጫወቱ ተጣልተው፣ ከፑል ቤቱ ጀርባ፣ አብሮ አደጉን ተስፋሚካኤልን። ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ሩቅ አልሄደም፤ መንገዱን ተሻግሮ ከሱቄ ጀርባ ካለው ክፍል ገባ። ቀን አቃቂ በሰቃ በርና መስኮት ሲበይድ ይውላል፣ ማታ በልቶ ይተኛል። ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። «ጨው በዛበት እንዴ?» እለዋለሁ። «ኧረ ደህና ነው» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ሽንኩርት ተወደደ እለዋለሁ፣ እሱም ብረት ተወደደ ይለኛል፣ ከዚያ መብራቱን እናጠፋለን። የኛ ወሬ ይሄው ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ኖርኩ።

ልጅቷ ሚራክል ትባላለች። ስሟን ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም አብራኝ ሳቀች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። መጀመሪያ ስትመጣ ጠያቂ መስላኝ ካርቶን ሰጠኋት። ለካ የፊልም ተማሪ ናት፣ መመረቂያዋ የማታውቀውን ሰው ኑሮ መቅረጽ ነው። «ዘመድም ጓደኛም አይሆንም ብሎናል መምህራችን፤ ባዳ መሆን አለበት» አለችኝ። በዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ባዳ ጠፍቶ እኔ ደጃፍ! ፀሐዩ ከሥራ ሲገባ አይታው ማነው አለችኝ፤ አያገባሽም አልኳት። እሷ ግን ተነስታ ሄዳ ራሱን ጠየቀችው፤ እሱም ሳያቅማማ እሺ አላት። ማታ «ምን ነክቶህ ነው?» ብለው፣ «እትዬ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለኝ። ምን ብላ ጠየቀችህ አልኩት። «አንተ ማነህ ብላ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቅናት ነው የያዘኝ። ዝናብ ፀሐይ ሳልል ስንቅ ያመላለስኩት እኔ፣ የሰው ዓይን የበላኝ እኔ፣ ሳላገባ የቀረሁት እኔ፤ እሷ ትናንት መጥታ ማነህ ስትለው አፉ ተፈታ! እኔ በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ እንጂ ማነህ ብዬው አላውቅም። ወንድሜ አይደል እንዴ፣ ምኑን እጠይቀዋለሁ?

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ጠያቂ የሚበዛበት። ዋናው ፊልም ገና ነው፤ ለዝግጅት ያህል እንሞክር ብላ ነው ካሜራዋን ተሸክማ በጠዋት የመጣችው። ጨርሳ ስትወጣ ሱቁ በር ላይ ጠበቅኳት። ሰዉ ተሰልፎ ስልኩን ይዘረጋልኛል፣ እኔ ዓይኔ ካሜራዋ ላይ ነው። ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኳትና «አጥፊው» አልኳት። ፊቷ ነጣ። «ሰሙ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ ሰማሁ! ጆሮዬ ከቆርቆሮ ወዲህ ነው፤ አጥፊው!» እሺ አላለችኝም። «እትዬ አሰጋሽ፣ የተናገረው እሱ ነው። አጥፊው ካለኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እርስዎ ስላሉኝ ግን አልችልም።» ካሜራውን ነጥቄ ከድንጋይ ጋር ላላትመው አሰብኩ። ስንቱ ስልኩን አምኖ የሚሰጠኝ ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ የሰው ዕቃ ልቀማ! ተውኩት። እሷ ግን ያልጠየቅኳትን ጨመረችልኝ፤ «ፍቅሩም ከሰዓት ይመጣል» አለችኝ።

«የቱ ፍቅሩ?»

«የተስፋሚካኤል ወንድም። ጋሽ ፀሐዩ ነው ጥሪልኝ ያለኝ። ሳሪስ ሄጄ አናገርኩት፤ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው መሰለዎት!»

ፀሐዩ ከእስር እንደወጣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል። እነጋሽ ወልደሰንበት ናቸው ያስታረቁን። ወንድሜ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ተንበረከከ፤ ፍቅሩ ድንጋዩን አነሳለት፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፤ እኔ ያን ቀን መሬት ስሜያለሁ። እናትየው ግን ፊቱን አታሳዩኝ ብለው ከቤት አልወጡም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ሽማግሌ ፊት ለፊት እንዳንገናኝ ተብሏል፤ ደም ነውና። እርቁ ደግሞ የቆመው በአንዷ ምት ላይ ነው። ሳያስበው መታው፣ ሰይጣን አሳሳተው ተብሎ። በቃኝ የሚልን ሰው የደገመ ግን ሰይጣን አሳሳተው አይባልለትም። ያቺ ሁለተኛዋ ከተሰማች እርቅ የለ፣ ምን የለ፤ ወንድሜን ያርዱታል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አርድ ነበር።

ወደ ጓሮ ገባሁ። ፀሐዩ ሸሚዙን አውልቆ ቧንቧው ሥር ይታጠባል፣ ሰርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። «እንዳትነግረው» አልኩት። ፎጣውን ፈለገ፤ እጁ ላይ አስያዝኩት። «ያነሱልኝ የመጀመሪያዋን ነው እትዬ» አለኝ፣ ማጅራቱን በእጁ መዳፍ እያሸ። «ሁለተኛዋ እዚህ አለች። ተኝቼም አለች።» የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የኔ ወንድም ግን ወግቶ ያልረሳ ጉደኛ! «ለሽማግሌዎቹ ብነግር አፌን ነው የሚያስይዙኝ፤ ለእሱ ለራሱ ነው የምነግረው» አለኝ። «የሞተውን አታስነሳው፣ አንተ ሰው! እኔን ደግሞ በቁሜ ልትገድለኝ ነው?» ብዬ በጥፊ አላስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ መትቼው አላውቅም። ጉንጩን ይዞ እያየኝ «ዛሬ ገና መታሽኝ» አለና ሸሚዙን ለበሰ። ብለምነው ኖሮ ምናልባት ይሰማኝ ነበር፤ መለመን ግን በእኔና በእሱ መሃል አልተለመደም።

ሱቁን ለጎረቤቴ ለሙህሲን አደራ ብዬ ወደ በሰቃ በረርኩ። ሙህሲን ቀጥሎ ያለው የስኳርና የሳሙና ሱቅ ባለቤት ነው፣ የስልጤ ልጅ፣ ነገር የማያበዛ። ጋሽ ወልደሰንበት የምስማርና የቀለም ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከገበያተኛ ጋር ይከራከራሉ። እንግዲህ ምን ልበላቸው? ሙሉውን ብነግራቸው አወቁ ማለት ነው፤ ካወቁ ደግሞ እርቁን ያስታረቁት እሳቸው ናቸውና ተታለልን ብለው ቀድመው ሳሪስ ይደርሳሉ። ግማሹን ነገርኳቸው። ፍቅሩ ሊመጣ ነው፣ ተማሪ ልትቀርጻቸው ነው፣ ያለ ሽማግሌ ነውር ነው፣ አሁኑኑ ይምጡልኝ አልኳቸው። «ፊልም?» አሉ፤ አገጫቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ እንዲህ ሆኜማ ካሜራ ፊት አልቀርብም። አስታራቂው ማነው ቢባል ይሄ ሽበታም ጎፈሬ ነው ሊባል ነው? አንቺ ቅደሚ፤ ጺሜን ልላጭ፣ ኮቴን ልደርብ፣ ከኋላሽ ነኝ።» ለመንኳቸው፣ እጃቸውን ሳብኩ፣ ኧረ ጋሼ ኮቱ ይቅር አልኩ። «ሽማግሌ በችኮላ አይሄድም» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ቸኩዬ እሳት እንደለበስኩ እያዩ! ለምን እንደምቸኩል ግን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውስ ምን አጠፉ? ታክሲው ውስጥ ሆኜ መንገዱን ረገምኩ፣ የጭነት መኪናዎቹን ረገምኩ፣ ያቺን ልጅ ከእነስሟ ረገምኳት።

ስደርስ ፍቅሩ ከሱቄ ጀርባ ግቢው ውስጥ ነው። ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ባዶ እጁን አልመጣም፣ ሙዝ በፌስታል ይዟል። እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ «እንዴት ነሽ እትዬ አሰጋሽ፣ ጠፋን አይደል?» ብሎ ሳመኝ። በመልካም እንደመጣ ዓይኑ ይናገራል፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለተንኮል አልመጣም። ሚራክል ካሜራዋን ባለ ሦስት እግሩ ላይ አቁማ ቀይዋን መብራት አብርታለች። ጥግ ላይ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። በቀስታ ተጠግቼ ዝጊው አልኳት። «እሱ ዝጊ አላለኝም» አለችኝ፤ ልታለቅስ ደርሳለች። ፍቅሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራል፤ እኔ ሻይ ላምጣ እላለሁ፣ አልነቃነቅም፤ ደጁን ደጁን አያለሁ፣ ጋሽ ወልደሰንበት የሉም። ያኔ ፀሐዩ ተነስቶ ከመሠረት የተረፉት ድንጋዮች ወዳሉበት ሄደ። አንዱን መረጠ፤ ትንሹን አይደለም። ማጅራቱ ላይ ጫነውና ፍቅሩ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ኧረ ምን ሆነሃል!» አለ ፍቅሩ፤ ደነገጠ፣ አፈረም መሰለኝ፤ ወደ ካሜራው ዞር አለ። «ይሄማ ያለፈ ነገር ነው። ተነስ፣ ተነስ ወንድሜ፣ ይቅር ብዬህ የለም እንዴ?» ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳለት። ወደ መሬት ሊያወርደው ሲል ፀሐዩ ከተንበረከከበት ቀና ሳይል «ሳትጥለው ስማኝ» አለው። ፍቅሩ ድንጋዩን ሆዱ ላይ እንዳቀፈ ቆመ። እኔ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ዝም በል ነው ያልኩት መሰለኝ። ወንድሜ ግን ተናገረ። ጠዋት ለልጅቷ እንደተናገረው፣ በዚያው ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳያሳምር። የፍቅሩ ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። «ወድቆ ሳለ?» አለ። «ወድቆ ሳለ።» «ምን እያለህ?» «በቃኝ እያለኝ።»

ፍቅሩ «በቃኝ?» አለ፤ ደግሞ «በቃኝ?» አለና ድንጋዩን እስከ ደረቱ፣ ከደረቱ በላይ አነሳው። የወረደው የፀሐዩ ማጅራት ላይ ነው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነው፤ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ በግንባሩ ተደፋ፤ እጁን እንኳ አልዘረጋም። ዘልዬ ፍቅሩ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፣ ጆሮውን ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። በክርኑ አፌን ሲለኝ ጥርሴ ወለቀ፤ ቆርቆሮው ላይ ተላተምኩ። እንደገና ድንጋዩን አነሳ። የፀሐዩ ጣቶች አፈሩን ይጭራሉ። ፍቅሩ እያለቀሰ ነው የመታው፤ እንደ ሕፃን ንፍጡ እየወረደ፣ «በቃኝ ሲልህ! በቃኝ ሲልህ!» እያለ፣ በእያንዳንዱ «ሲልህ» ድንጋዩ ይወርዳል። የወንድሜ ራስ ከወንድሜ ራስነት ወጣ። ሙህሲን የሱቁን በር መወርወሪያ ብረት ይዞ ደረሰ፣ የፍቅሩን ክንድ መታው፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፣ ድንጋዩ ወደቀ። እኔ አልበቃኝም። ብረቱን ከሙህሲን እጅ ቀምቼ የፍቅሩን ጉልበት መታሁ፤ ደግሜ ራሱን ላገኘው ስል ሙህሲን ከነብረቱ አቅፎ መሬት ላይ ጣለኝ። «እትዬ፣ ይብቃ! አላህን ፍሪ፣ ወንድምሽ ይተነፍሳል!» ይለኛል። እውነትም ይተነፍስ ነበር፤ ትንፋሹ ያፏጫል።

ባጃጅ ላይ ጫንነው። ጭኔ ላይ ሆኖ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ አፏጨ፣ ከዚያ ተወ። ሹፌሩ ወደኋላ ዞሮ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ። ፀሐዩ አልኩት። ያኔ ነው ሞኟ እህቱ ልጠይቀው የፈለግኩት፤ ያን ሁሉ ዘመን ሌሊት ሌሊት ምን ስታስብ ነበር ብዬ ልጠይቀው። ደሙ በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴን አሞቀኝ።

ፖሊስ ጣቢያው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞላ። ፍቅሩን ክንዱን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ደህናውን እጁን ከአግዳሚው ጋር በካቴና አስረው አስቀመጡት፤ መሬት መሬት ያያል። እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቡ ቁጭ ብለዋል፤ ምን ሆነህ እንደዚህ አደረግህ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። ጋሽ ወልደሰንበት ጺማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባት ጭምር አስረው መጡ። ሲያዩኝ አለቀሱ፤ ልተፋባቸው አስቤ አፌ ደም ብቻ ሆነብኝ። ሚራክል ጥግ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። «አንቺ ነሽ የገደልሽው» አልኳት። «አዎ» አለችኝ።

መርማሪው ፖሊስ ወጣት ነው። «ቀርጸሻል ይባላል፤ አዘጋጂው፣ አለቃዬን ጠርቼ እመጣለሁ» ብሏት ወጣ። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል፣ በሕይወት፣ ዓይኑን እያርገበገበ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ከመምጣቱ በፊት መቁረጥ እችላለሁ» አለችኝ። «የጠዋቱን አላሳይም። የከሰዓቱን ደግሞ ፍቅሩ ድንጋዩን ካነሳበት ነው የምጀምረው፤ ጋሽ ፀሐዩ የተናገረው አይሰማም። ሰው ተንበርክኮ ይቅርታ ሲለምን የገደለው ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት አጥፊው ብለውኝ አልነበር? ይሄን ላድርግልዎት።» ጋሽ ወልደሰንበት ሰምተዋል፤ «ትቁረጠው ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሞተ ሰው ስም አይጎድፍ። እኛ ያስታረቅነውም ነገር በክብሩ ይቅር።»

አሰብኩ። ሞኝ አይደለሁም፤ ትርፉ ገብቶኛል። ከተቆረጠ ወንድሜ እንደ በግ የታረደ ንጹሕ ሰው ነው፣ ፍቅሩ ደግሞ አውሬ ነው፤ ዳኛ አይምረውም፤ እዚያው እኔ ሱቅ ማዶ ይበሰብሳል፤ በየቀኑ አጥሩን እያየሁ ሻይ እሸጣለሁ። ካልተቆረጠ ግን እሱ በቃኝ የሚለውን ሰምቶ ደሙ ፈላ ይባላል፣ ይታዘንለታል። የወንድሜን ሬሳ ደግሞ ‘የወደቀ የሚመታ’ ብለው ይሸኙታል፤ ለቅሶ የሚመጣ አላገኝም። እናትየውም እዚያው ቁጭ ብለው ልጃቸው በቃኝ እያለ እንደሞተ ይሰማሉ። ለፍቅሩ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ እስካሁን ጉሮሮው እጄ ላይ ይመጣብኛል፣ እግዜር ይይለት። ግን ያ ወንድሜ፣ አንዴም ሽሮው ጨው በዛበት ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ በሕይወቱ አንድ ነገር ልናገር ብሎ ማጅራቱን ሰጥቶ ሞቶ፣ እኔ የተናገረውን ቆርጬ ጥዬ ዝም ያለውን ብቻ ልቅበር? በጥፊ የመታሁትስ አይበቃም?

መርማሪው ከአለቃው ጋር ገባ። ሚራክል ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ እኔን እኔን ታያለች። ጋሽ ወልደሰንበት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የፍቅሩ እናት ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የወንድሜን ፊት ያዩት የዚያን ጊዜ ነው፤ ዓይናቸውን ግን ከስክሪኑ አላነሱም።

«እንዳትቆርጪው» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ እንባዋ ኮምፒውተሩ ላይ ወረደ። «ከየት ልጀምር?»

«ማነህ ብለሽ ከጠየቅሽው።»